የእትዬ መርፌን አገጭ ማን አሰረው?

እትዬ መርፌ ማክሰኞ ጠዋት በስፌት ክፍላቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ በሩን ገፋ ስታደርገው ተከፈተላት። ነጭ ጨርቅ ለብሶ የተጋደመ ሰውና በጨርቁ ጠርዝ የደረቀ ደም አየች፤ ከዚያ ወዲያ ያየችው ነገር የለም፣ እየጮኸች እግሯ ወደመራት ሮጠች።

ረፋዱ ላይ ፖሊስ አንዲት ጠበቃ አስጠራ። ጠበቃዋ የኒካህ ጋብቻና የፍቺ ጠበቃ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆማለች፤ የሰው ጎጆ ሲፈርስ አቧራው መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ሟቿን በደንብ ታውቃቸዋለች። ግድግዳውን ይዛ ደረጃውን ወጣች።

ኢንስፔክተሩ የክብሪት እንጨት እያኘከ በር ላይ ጠበቃት። አጭር፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው።

«ሞተው የተገኙት ሴት ለእርስዎ መስክረው ነበር አሉኝ።»

«ለደንበኛዬ። ባለፈው ወር።»

«ግቡና ይዩልኝ። አፋቸውን አፍኗቸዋል። እግራቸውንም አስሯል። እንዲህ ያለ አውሬ…» ጨርቁን ገለጥ አደረገው።

ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደገና ገለጠች። እትዬ መርፌ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ከጭንቅላታቸው ኋላ ያለው ደም በስፌት መኪናው የብረት እግር ማዕዘን ላይም አለ። ከአገጫቸው ስር የተቀደደ የጨርቅ ቁራጭ አልፎ አናታቸው ላይ ታስሯል። እጆቻቸው በጎናቸው ተዘርግተዋል። ሁለቱ የእግር አውራ ጣቶቻቸው በስሱ አንድ ላይ ታስረዋል። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ዞሯል።

«ይሄ ማፈን አይደለም» አለች።

«ታዲያ ምንድነው?»

«እኛ ሰው ሲሞትብን የምናደርገው ነው። ሬሳው ሳይደርቅ ዓይኑን እንከድናለን፣ አፉ ተከፍቶ እንዳይቀር አገጩን እናስራለን፣ እግሩን እናገጥማለን። ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ እናዞራለን። ያ መስኮት ቂብላ ነው። ንጹሕ ጨርቅ እናለብሳለን።» ወደ አገጩ ጠቆመች። «ክብር ነው፣ ኢንስፔክተር። እጁ የለመደ ሰው ነው የሠራው። ቋጠሮውን ይዩት፣ ቆዳቸውን እንኳ አልጎዳም።»

ኢንስፔክተሩ ክብሪቱን ከአፉ አወጣ። «ገድሎ ያከበረ?»

«እኔ ያየሁትን ነው የነገርኩዎት።»

ዞር ብሎ ለሁለቱ ፖሊሶች «ይህን ከዚህ ክፍል ያወጣ ሌላ እንጀራ ይፈልግ» አላቸው። «ያቺ ደንበኛ ያየችው ጨርቅና ደም ብቻ ነው። አገጭ፣ እግር፣ ፊት የሚባል ነገር ማንም አይስማ።» ቀጥሎ ወደ ጠበቃዋ፦ «ሐኪሙ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሞቱት ብሏል። አሁን ስለ ባለ ሥጋ ቤቱ ይንገሩኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለ ሥጋ ቤቱ ሚስት የጠበቃዋ ደንበኛ ናት፤ ድብደባ በዝቶባት ዳኛው ትዳሩን እንዲያፈርስላት ጠይቃለች። ምስክር ጠፋ። ቤት ውስጥ የተመታ ገላ ማን ያያል? አንድ ሰው ብቻ አይቷል፤ ለቀሚስ ልኬት ሲወስዱላት እጅጌዋን የሰበሰቡት እትዬ መርፌ። መጥተውም «በዓይኔ አይቻለሁ፣ ክንዷ እንደ ጉበት ጠቁሮ ነበር» ብለው መሰከሩ። ባልየው በፍርድ ቤቱ በር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይህን አፍሽን እዘጋዋለሁ!» ብሎ ፎከረባቸው።

«አፍ ሊዘጋ ፎከረ፣ አፍ ታስሮ ተገኘ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ፖሊሶቼን ልኬ ላስመጣው ነው። ትናንት ከቀትር በኋላ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የት እንደነበር ይንገረኝ።»

ለጠበቃዋ የዚያች ሴት ክንድ ታያት። አንዲት ቃል ብትውጥ፣ አንዲት ቃል ብቻ፣ ሰውየው ከነጉልበቱ ከሚስቱ ይርቃል። ሸይጣን ሰውን የሚያገኘው እንዲህ ደክሞት ሲቆም ነው።

«ከእኔ ጋር ነበር» አለች።

«ምን?»

«ቢሮዬ። ከሱ ወገን አንድ ሽማግሌ፣ ከእሷ ወገን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ዳኛ ከማፍረሱ በፊት እነሱ ይሞክራሉ፣ ሕጋችን ነው። ከቀትር በኋላ መጥቶ የመግሪብ ሰላት እስኪደርስ ከወንበሩ አልተነሣም። ሲያለቅስ ነበር።»

«ተደባዳቢ ሁሉ አልቃሻ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። ትንሽ አያት። «ውሸት ቢናገሩ ይቀልዎት ነበር።»

«ይቀለኝ ነበር።»

«እሺ። ሟቿ ከዚህ ሌላ ከእርስዎ ዘንድ ጉዳይ ነበራቸው?»

ይህን ነበር የፈራችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«የደንበኛ ምስጢር አላወራም» አለች።

«ደንበኛዎ እኮ ሞተዋል።»

«ሌሎቹ አልሞቱም።»

ኢንስፔክተሩ ክብሪቱን መልሶ ወደ አፉ ከተተ።

እትዬ መርፌ ባለፈው ሐሙስ ቢሮዋ መጥተው ነበር። ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጠው የሻርፓቸውን ጠርዝ ሲፈትሉ ቆዩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የጡት ልጄን ታውቂዋለሽ?»

ማን አያውቀውም። እናቱ በወሊድ የሞተችበትን ያን ሕፃን እትዬ መርፌ ከራሳቸው ልጅ ጋር አጥብተው አሳደጉት፤ የራሳቸውን ልጅ ሞት ሲወስደው እሱ ቀረላቸው። ዛሬ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ «እማ» ነው የሚላቸው። ባለፈው ዓመት አግብቷል፣ ሚስቱ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

«በሠርጉ ጊዜ ታምሜ ተኝቼ ነበር፣ የሚስቱን ዘመዶች አላየሁም። ሰሞኑን ልጠይቃት ብሄድ አንድ የማውቀው ፊት አየሁ። የድሮ ጎረቤት። ልጄ፣ ሚስቱንም በልጅነቷ አጥብቻታለሁ መሰለኝ። እናትዋ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ፣ ብዙ ሌሊት፣ እኔ ጋ ነበረች።»

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በሸሪዓ ከአንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም፣ ሳያውቁ ተጋብተው ከሆነም ትዳሩ ይፈርሳል። የሚወለደው ልጅ የአባቱ ነው፣ ነውር የለበትም፤ ባልና ሚስቱ ግን በአንድ ጣሪያ ስር አያድሩም።

«ልጅቱ ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ትንሽ ነበረች።»

«ምን ያህል ትንሽ? ይሄ ነው ዋናው፣ እትዬ።»

«ሐዘን ላይ ነበርኩ ልጄ፣ የራሴን ልጅ ቀብሬ። ዘመኑ ሁሉ ጭጋግ ነው። እዚያ የነበረ ሰው ግን አለ።»

«ስም አይጥሩብኝ» አለች ጠበቃዋ ፈጥና። ልማዷ ነው፤ ነገር ሳይጣራ ቢሮዋ ውስጥ ስም አይጠራም፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «ያን ሰው ይጠይቁና ይመለሱ። እስከዚያ ለማንም እንዳይተነፍሱ።»

«ሐራም ላይ ትቻቸው ብሞትስ?»

«አላህ ያቆይዎታል።»

ሄዱ። አልተመለሱም። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ማንን ሊጠይቁ ሄዱ? ጠበቃዋ ለኢንስፔክተሩ ብትነግረው ወሬው ከመዝገብ ወደ መንገድ ይወጣል፣ ያቺ ነፍሰ ጡር ልጅ ሳይጣራ ከባሏ ትለያለች። ባትነግረው ነፍሰ ገዳይ በነጻ ይሄዳል። ይባስ ብሎ «ይጠይቁና ይመለሱ» ያለቻቸው ራሷ ናት።

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ ራሱ ቢሮዋ መጣ።

«አንድ የሃይማኖት ጥያቄ ልጠይቅ። የሴት ሬሳ ወንድ ይነካል?»

«ባዕድ ወንድ አይነካም። የሴትን ሬሳ የምታጥበው ሴት ናት፤ ወይም ባል።»

«የጡት ልጅስ? ለእሷ ባዕድ ነው?»

ጠበቃዋ ደነገጠች። ይሄ ሰው ከገመተችው በላይ አጣርቷል። «ባዕድ አይደለም» አለች። «እንደ ልጇ ነው።»

«እንደ ልቡ የሚገባ የሚወጣው እሱ ነው። በር አልተሰበረም። ያከበራቸው ሰው ነው ያሰናዳቸው፣ እርስዎ ነዎት ያሉኝ። ልጠይቀው ነው የምሄደው፤ የቤቱ ሴቶች ከእኔ ጋር ብቻቸውን ላያወሩ ይችላሉ፣ አብረውኝ ይምጡ።»

ባትሄድ እሷ በሌለችበት ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ሻርፗን አስተካክላ ተከተለችው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ንጹሕ፣ መጋረጃው ሁሉ እትዬ መርፌ የሰፉት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፊቱ በለቅሶ አብጦ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ሆዷን ታቅፋ አጠገቡ ናት። አያቷ፣ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት አሮጊት፣ ከኋላዋ ትራስ ያስገባሉ፣ ያወጣሉ፣ መልሰው ያስገባሉ።

«ወገብሽን ደገፍ አድርጊ። እግርሽን አታጥፊው። ውሃ ጠጥተሻል?»

«ጠጥቻለሁ፣ እማማ።»

«መቼ? እኔ አላየሁሽም።» ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ፦ «ልጄ፣ ቀስ ብለህ ጠይቅ። ነፍሰ ጡር ፊት ፖሊስ ሲጮህ ደግ አይደለም።»

«እኔ ጮኼ አላውቅም፣ እናቴ። ሚስቴ ናት የምትጮኸው» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ማንም አልሳቀም። ወደ ሰውየው ዞረ። «ሰኞ ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ክሊኒክ። ጄኔሬተራቸው ተቃጥሎ። ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ከሥሩ አልወጣሁም።»

«ማን አየህ?»

«ማን ያላየኝ አለ? ነርሶቹ ባትሪ ሲያበሩልኝ ነበር።» እንባው መጣ። «እማ ደውላልኝ ነበር። ጠዋት። ‹ማታ እለፍ› አለችኝ። ደክሞኝ ቀረሁ። እማን ለአንድ ማታ ድካም ብዬ ቀረሁ!»

ኢንስፔክተሩ ወደ ክሊኒኩ ሊደውል ወደ ደጅ ወጣ። ያን ጊዜ ሚስቱ፣ እስካሁን ዝም ያለችው፣ ተንሰቀሰቀች።

«ብቻዋን ሞተች። ለሁላችን ስትሰፋ ኖራ፣ ዓይኗን የሚከድን እንኳ ሰው ሳይኖራት። ሌሊቱን ሙሉ አፏን ከፍታ ወለል ላይ…»

«አይ፣ አይ የኔ እናት» አያትየዋ ጎንበስ ብለው ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። «እንዲህ አትበይ፣ ለሆድሽም ጥሩ አይደለም። አልተጣለችም። ዓይኗ ተከድኗል። አገጯም በወጉ ታስሯል። ፊቷ ወደ ቂብላ ዞሮ፣ እንደ እናትሽ አምራ ነው የተኛችው። አይዞሽ።»

ልጅቱ ቀስ በቀስ ተረጋጋች። ባሏ ምንም አልገባውም። ጠበቃዋ ግን አያትየዋን ቀና ብላ አየች።

ከደጅ የኢንስፔክተሩ ድምፅ ይሰማል፤ «እሺ… እስከ ስንት ሰዓት? እሺ እህቴ» ይላል። እሱ አልሰማም። ጠበቃዋ ብትነሣና ብትሄድ ማንም አይሰማም። ያች ልጅ ባሏ ይኖራታል፣ አያቷም ይኖሩላታል። ሟች እንደሆነ አይመለስ። ግን እትዬ መርፌ ለሌላ ሴት ክንድ ብለው ፍርድ ቤት የቆሙ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው የሚቆም ማን አለ?

«እናቴ» አለች። «አንድ ብርጭቆ ውሃ ይሰጡኛል? ወጥ ቤት ልከተልዎት።»

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲገባ ትከሻ ይነካካል። አያትየዋ ብርጭቆ አውጥተው ያጥባሉ። ጠበቃዋ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ስንት ሬሳ አጥበዋል፣ እናቴ?»

«ኧረ ስንቱን፣ ልጄ። የሰፈሩን ሴት ሁሉ። የዚህችንም እናት፣ የገዛ ልጄን።»

«የእትዬ መርፌ አገጭ መታሰሩን ፖሊስ ለማንም አልነገረም።»

ውሃው ይወርዳል። አሮጊቷ አልዘጉትም።

«እትዬ መርፌ ልጅቱን ጡት ሲያጠቡ እዚያ የነበሩት ሰው እርስዎ ነዎት» አለች ጠበቃዋ። «ሊጠይቁዎት መጡ።»

«አንቺ ነሽ ጠበቃዋ» አሉ አያትየዋ በዝግታ። «‹ጠበቃ አማክሬአለሁ፣ አንቺ ታስታውሻለሽ፣ አብረን ሄደን እንናገር› አለችኝ። ፊት ለፊቷ ‹አላውቅሽም› አልኳት፣ አልሰማችኝም። ሰኞ ቤቷ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ‹እናት የላት፣ አባት የላት፣ ሰው ያገኘችው አሁን ነው፣ ተይልኝ› ብዬ። ‹ሐራም ላይ አልተዋቸውም› አለች። ስልኳን አነሣች፣ ለልጁ ልትደውል። ገፋኋት። አንዴ ብቻ። የመኪናዋን ብረት አላየሁትም፣ ወላሂ አላየሁትም።»

«ወዲያው ሞቱ?»

አሮጊቷ ብርጭቆውን ደግመው አለቀለቁት።

«እናቴ፣ ወዲያው ነው?»

«ትተነፍስ ነበር» አሉ አያትየዋ። «ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ራሷን ታቀፍኩና ሸሃዳ፣ የመጨረሻውን የእምነት ቃል፣ አስባልኳት። አለችው፣ በደንብ አለችው። እስኪያልቅ ድረስ አልተለየኋትም።»

«ስልኩ አጠገብዎ ነበር። ሐኪም መጥራት ይችሉ ነበር።»

«ብትተርፍ ትናገራለች፣ ልጄ።»

ጠበቃዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ የሥራዋ ልማድ ብቻ፣ አፏ ያንኑ የሐሙስ ጥያቄ ጠየቀ። «ልጅቱ ያኔ ምን ያህል ነበረች? ትሳብ ነበር? ትሄድ ነበር?»

«ኧረ ሯጭ ነበረች!» አሮጊቷ በዚያ ሁሉ መሐል ፈገግ አሉ። «አፏ እንደ ወፍ ነበር። ጡት ከጣለች ቆይታለች፤ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ። ሌሊት እናቷን ስትጠራ አላስተኛ ስትለን ነው ያቺም ደረቷን የሰጠቻት፣ ልጇ ሞቶባት ወተቱ ሲያስጨንቃት። ለማታለያ እንጂ ምግብስ በላተኛ ነበረች። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ጠበቃዋ እጇን ዘርግታ ቧንቧውን ዘጋች።

«ምነው? ምነው ፊትሽ?»

«ከሁለት ዓመት በኋላ የተጠባ ጡት ወንድምና እህት አያደርግም፣ እናቴ። አብዛኞቹ ሊቃውንት የተስማሙበት ነው፤ ፍርድ ቤታችንም የሚፈርድበት። ይህንኑ ነበር እንዲጠይቁዎት የፈለግሁት። ይህንኑ ብቻ።»

«አልገባኝም።»

«ትዳሩ ደህና ነበር። መጥተው ቢነግሩኝ ‹በሰላም ይኑሩ› ብዬ እሸኛችሁ ነበር። ሁለታችሁንም።»

አሮጊቷ መጀመሪያ የሰሙት ግማሹን ብቻ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ፊታቸው በራ፤ «ልጄ ተረፈች በይኛ።» ሌላው ግማሽ ሲደርሳቸው ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሳቸው የጣሉት ግን የሰው ነፍስ ነው።

ገርበብ ያለው በር ተከፈተ። ኢንስፔክተሩ ስልኩን እንደያዘ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቁትም።

«ልጄ ፊት እንዳታስረኝ» አሉ አያትየዋ። «ትደነግጣለች። ሰባተኛ ወሯ ነው።»

«እዚህ አላስርዎትም። ጫማዎን ያድርጉ።»

በጓሮ በር ወጡ። አያትየዋ ሲወጡም ዞረው «የመኝታ ቤቱን መስኮት ዝጉላት፣ ብርድ ይመታታል» አሉ።

ለባልና ሚስቱ መንገር በጠበቃዋ ላይ ወደቀ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጡቱንም፣ ግፊያውንም፣ ሸሃዳውንም። ልጅቱ አልጮኸችም። መጋረጃውን ብቻ ስታይ ቆየች።

«ሕጉ ግልጽ ነው» አለች ጠበቃዋ። «ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ባልና ሚስት ናችሁ።»

«ሦስተኛ ዓመቷን መያዟን ማን አለ?» አለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው።

«አያቷ።»

«ሌላስ ማን ያውቃል?»

«እትዬ መርፌ።»

«እማ ሞታለች።» ድምፁ ደረቅ ነበር። «ያለችው እማን የገደለች ሴት ብቻ ናት። ነፍስ ያጠፋ ሰው ምስክርነቱ ይቆማል?»

«አይቆምም» አለች ጠበቃዋ፤ ሙያዋ መዋሸት አልፈቀደላትም። «ግን ምስክር ከሌለ ኒካሁ ባለበት ይጸናል። በጥርጣሬ ብቻ ትዳር አይፈርስም። ደግሞ ለምን እንደጠየቅኋት ሳታውቅ ነው የመለሰችልኝ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ለዚህ ትዳር ብላ ሰው የገደለች፣ ለዚህ ትዳር ብላ አትዋሽም?»

ጠበቃዋ ወደ ልጅቱ ዞረች።

ልጅቱ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ባሏ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፤ ልማድ ነውና ፈጥኖ ዘረጋ። ክንዷ ጋ ሳይደርስ እጁ ቆመ። ሰበሰበና ጉልበቱ ላይ አኖረው፣ ዓይኑንም ከእሷ አነሣ።

እሷ ያን እጅ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ጠበቃ» አለች በመጨረሻ፣ «ነገ ቢሮሽ ክፍት ነው?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሊፋቱ የወሰኑ ሴቶች ይህንኑ ጠይቀዋታል፤ ሁልጊዜም ሳታስብ ነበር የምትመልሰው።

«ክፍት ነው» አለች።